ከእንጉርጉሮው ቀጥሎ የሠርግ ዘፈን ነው

«ጥሩ አልበም ጠቁሚኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ መጽሐፍ ሊመልሱ የሚመጡት መምህራን ይጠይቁኛል። ጎፋ በምኖርበት ኮንዶሚኒየምም ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔም ሞኝ ነኝና ሰውየው ምን ላይ እንዳለ አጣርቼ፣ አስቤ፣ አውጥቼ አውርጄ እመልሳለሁ። በማግስቱ «እንዴት ነው?» ስላቸው «አሪፍ ነው፤ ሁለተኛዋን ወደድኳት» ይሉኛል።

ሁለተኛዋን! አልበም የሰማ ሰው እንዲህ አይመልስም። አንድ ሰው ልብ ወለድ አነበብኩ ብሎ መጥቶ መሐል ያለችውን አንዲት ገጽ ብቻ ቢያወድስልኝ፣ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቄ ወደ መደርደሪያው ነው የምመልሰው። በሙዚቃ ጊዜ ግን ነውር አይደለም። ጣት ትንቀሳቀሳለች፣ ዘፈኑ ሳይሞቅ ይዘለላል፣ «ቀጥይ» ይባላል። ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ያሰናዳውን ነገር በጣት መግፋት!

ስለዚህ እዚህ የምጠቁማቸውን አልበሞች በስም አልጠራም። ስም ብጽፍ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። የሚያውቃቸው ከነገርኩት ይለያቸዋል፤ የማያውቃቸው ደግሞ ትንሽ ይልፋ።

ቤት ለሚቀይር ሰው የምመክረው የአዲስ አበባ ባንድ የሠራውን የድሮ አልበም ነው። ድምፃዊው የዘፈኖቹን ግማሽ ያህል አይዘፍንም፤ ሳክስፎኑ ነው የሚያወራው። ከፉሪ የኪራይ ቤት ለቅቄ እዚህ ስገባ ዕቃዬ ሁሉ በካርቶን ነበር፣ መጋረጃም አልሰቀልኩም። ያን ጊዜ ከፈትኩት። ሳክስፎን ባዶ ግድግዳ ላይ ሲያስተጋባ ነው ልኩ። ሶፋና ምንጣፍ ከገባ በኋላ ድምፁ ይታፈናል፤ ያመለጠው አመለጠው።

ፈተና ለወደቀ ሰው ደግሞ የውጭ አገር ሮክ እመክራለሁ። ጊታሩ ጩኸት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ተዋቸው። ካሴቱን የገዛሁት እንግሊዝኛ ሳላውቅ ነው። የተማርኩት ዘግይቼ፣ በማታ ትምህርት፣ የክፍል ጓደኞቼ እናቶች እኩያ ሆኜ ነው። እስከዚያ ድረስ አራተኛውን ዘፈን የፍቅር ዘፈን አድርጌ ስሰማው፣ አንዳንዴም እንባዬ ሲመጣ ኖሬአለሁ። እንግሊዝኛው ሲገባኝ ለካ ሰውየው ውሃ የቆረጠበትን አከራዩን ነው የሚሳደበው! ከዚያ በኋላ የበለጠ ወደድኩት። የኪራይ ቤት ኖሮ የማያውቅ ሰው ያን ዘፈን እንዴት አድርጎ ይሰማዋል?

ሦስተኛው ሐዘን ላይ ላለ ሰው ነው። የባህል አልበም ነው፤ አንዲት ሴት፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ በቃ። አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው የቀዱት ይመስላል። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። በካሴቱ አንደኛ ገጽ መጨረሻ አካባቢ ክራሩም ማሲንቆውም ዝም ይሉና ሴትዮዋ ብቻዋን ታንጎራጉራለች። ለሞተ ወንድሟ ነው። ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ ወሬ ዝግ ይላል፤ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያም ጩኸት። ጩኸቱ ሳያልቅ ከበሮ ይገባል፤ የሠርግ ዘፈን ይጀመራል። መሐላቸው ትንፋሽ የሚወሰድበት ፋታ የለም። እንጉርጉሮውን ከሠርጉ ጋር ያጋባው ሰው ማን እንደሆነ ካሴቱ ላይ አልተጻፈም፤ ይህ ራሱን የቻለ ንዴት ነው፤ አሁን አልገባበትም።

ስለዚህ አልበም ሊከራከረኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ዕድሜውን ሁሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ። ካሴት እንዋዋሳለን። እኔ ካሴት ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመሪያ ነው የሚሰማው ባይ ነኝ። እሱ ደግሞ ያሰኘው ቦታ ከትቶ የሚያስጮህ ሰው ነው። ዋናው ጠባችን ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ ባለች አንዲት ቦታ ነበር። ዘፋኟ ግጥሙ ይጠፋባትና ትስቃለች፤ ማሲንቆ መቺው የሆነ ነገር ይላታል፤ አሁንም ትስቃለች፤ ከዚያ ትገባበታለች።

«ይሄ ተቆርጦ መውጣት ነበረበት» እለዋለሁ።

«ምሁሯ፣ አንቺ እኮ ሰው ሲስቅ ስታይ ቀይ እስክርቢቶ ነው የምታወጪው» ይለኛል። ሚስቱ ከጓዳ «እሱ ደግሞ ዘፋኟ ስትስቅ አብሮ ካልሳቀ ምሳ አይወርድለትም» ትላለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ያ ሳቁ በወለሉ በኩል እኔ ቤት ይመጣ ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ድንኳን ተተከለ፣ ለቅሶ ተደረሰ፣ ድንኳኑ ተነሳ። በሕንፃው ሙዚቃ ጠፋ። ምድር ቤት ያለው ፀጉር ቤት እንኳ ስፒከሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ በሰው ሐዘን ላይ አለመጨፈር መልካም ነገር ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሚስቱ አላለቀሰችም። ጥቁሯን ለብሳ፣ እጇን አጣምራ፣ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ተቀመጠች። ይህን ሴቶቹ እንደ ፈታኝ ቆመው ተከታተሉት።

«ዓይኗ ደረቅ ነው።»

«ደረቷን አንዴ እንኳ አልመታችም እኮ።»

«እሱስ እንዲህ አድርጎ ነበር የያዛት?»

ይህ ሁሉ የሚባለው ደረጃ ላይ፣ እሷ በር ፊት ለፊት ነው። ከሁሉ የሚብሱት የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ ናቸው። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። የሕንፃው ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ እሳቸው ናቸው የሚወስኑት። ማን ምን ያህል እንዳለቀሰም እሳቸው ይመዝናሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባልቴቷ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፦

«እታለም፣ ቴፑ ውስጥ ካሴቱ አለ።»

«የትኛው?»

«ያ የምትጨቃጨቁበት። ሆስፒታል በሄድንበት ጠዋት እሱ አቁሞት ነው የወጣው። እስካሁን አልነካሁትም። አቧራውን እንኳ በዙሪያው ነው የምጠርገው።» እጇን ጥቁር ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ልሰማው እፈልጋለሁ። ከየት ላስጀምረው?»

አፌ እንደለመደው «ከመጀመሪያው ነዋ» አልኩ። «አጠንጥነሽ፣ ከአንደኛው ገጽ።»

«ካጠነጠንኩት እኮ እሱ ያቆመበት ቦታ ይጠፋል።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ስንቱን ሰው «ከመጀመሪያው ስማ» ስል፣ ካሴት መሐሉ ላይ የሰው እጅ ሊቀርበት እንደሚችል አስቤ አላውቅም። በኋላ መላ መጣልኝ። እኔ ያው አልበም የራሴ ቅጂ አለኝ፤ ቴፕም አለኝ። የሱ ሳይነካ የኔን ይዤ እወርዳለሁ፤ ከመጀመሪያው አብረን እንሰማለን።

«ሰው ይሰማናል» አለች።

«ዝግ አድርገን ነው።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቴፔን በነጠላ ሸፍኜ፣ እንደ ሌባ ወረድኩ። ይህንንም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ለሐዘንተኛ ሽሮና በርበሬ በግልጽ ይወሰዳል፣ ሙዚቃ ግን ተሸፍኖ። በሩን ዘጋን። የሱን ቴፕ ካለበት ኮመዲኖ ላይ ሳናነሳ፣ የኔን ወለሉ ላይ አስቀመጥን። እሷ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። እንዲህ አድርጎ አልበም የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። ዘፈን ሲያልቅ አስተያየት የለም፣ ቀና ማለት የለም፤ ቀጣዩን መጠበቅ ብቻ።

እንጉርጉሮው ጋ ስንደርስ እጇን ሰደደችና ድምፁን ጨመረችው። ላስቆማት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ዘፋኟ ወደ ጩኸቱ ስትወጣ እሷም ወጣች። ከሆዷ የመጣ ድምፅ ነው። ያ ሁሉ ሴት ሲጠብቀው የከረመው ለቅሶ፣ የሚመዝን ሰው በሌለበት መጣ። ሁለቱ ድምፆች ተያይዘው የትኛው የካሴቱ፣ የትኛው የሷ እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ግድግዳ ነው! ደረጃው ላይ ሩጫ ሰማሁ። «መርዶ ነው! ወይኔ፣ ሌላ መርዶ!» የሚል ድምፅ። በሩን ለመቆለፍ እንኳ አልደረስኩም። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ የእድሩ ሴቶች ከኋላ፣ ከታች ፎቅ ያለችው የስልጤ ልጅ የሽሮ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ ሁሉም እየጮኹ ገቡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። መርዶ በማለዳ እንጂ በጠራራ ፀሐይ እንደማይነገር ያስታወሰም የለም። ባልቴቷን ከበው፣ ደረት እየመቱ አለቀሱ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር። እትዬ የሞተ ወንድማቸውን እየጠሩ፣ ከዘፋኟ ጋር አብረው እየተነፈሱ፣ እሷ ስትወጣ እየወጡ፣ ስትወርድ እየወረዱ አነቡ። በሕይወቴ አንድ አልበም እንዲህ ሲሰማ አይቼ አላውቅም።

እኔ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ቴፑ ደግሞ ከሴቶቹ ቀሚስ በስተኋላ ነው። እጄን በመሐላቸው እየሰደድኩ ሳለሁ ከበሮው ገባ።

እልልታና ጭብጨባ፣ ሙሽራው መጣ፣ በሩን ክፈቱ። የአንዷ እጅ ደረቷን ሊመታ እንደተነሳ አየር ላይ ቀረ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ እትዬ።

አጠፋሁት።

«ዘፈን ነው እንዴ? ስናለቅስ የነበረው በዘፈን ነው?» እንባቸው አገጫቸው ላይ ነው፤ አልጠረጉትም። «ባልሽ አፈር ሳይጠግብ፣ ጥቁር ለብሰሽ እስክስታ ልትወርጂ ነው? አንቺን ነው የምናገረው!»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኩ።

«አውቄአለሁ! ከዚች ሌላ ማን ያመጣል? ምሁሯ! ማታ ማታ የተማርሽው ይሄንን ነው?»

ባለ ማንኪያዋ «ውይ፣ ሽሮዬ!» ብላ ወደ በሩ ዞረች፤ ግን የሚሆነውን ሳታይ መሄዱን አልወደደችም፤ እዚያው ቆመች።

ዝምተኛ ነኝ፤ በስብሰባ ላይ እንኳ አልናገርም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ አሁን ለወንድምዎ ነው ያለቀሱት አይደለም?»

«ታዲያ ሙሾ መስሎኛ!»

«ሙሾ ነው። ሴትዮዋም ለወንድሟ ነው የምታለቅሰው። እርስዎ ያለቀሱት ከሷ ጋር ነው። ቴፑን ሲያዩት ነው ወይስ ከበሮውን ሲሰሙት ኃጢአት የሆነው?»

«አፍሽን ዝጊ!» አሉኝ። መልስ ሲያጣ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወደ ባልቴቷ ዞሩ። «ሁለቱም ቴፕ እኔ ቤት ይቆያል። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁርሽን ስታወልቂ ትወስጂዋለሽ። አለዚያ ለተዝካሩ የኛን እጅ እንዳትጠብቂ። ብቻሽን ወጥሽን ትሠሪያለሽ።»

ይህ ቀልድ አይደለም። ያለ እድሩ ሴቶች ተዝካር የምታወጣ ሴት በሰፈሩ ፊት የተጣለች ሴት ናት። በሷ ቦታ ብሆን እኔም የምፈራ ይመስለኛል። ቴፔን አንስቼ «የኔን ይውሰዱ» ብዬ ሰጠኋቸው። ባለ ማንኪያዋ ደግሞ፣ ለመርዳት ብላ፣ ኮመዲኖው ላይ ወዳለው እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ ማጠንጠኛው ላይ አረፈ።

«እንዳትነኪው!»

ባልቴቷ ናት። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አናውቅም ነበር።

«እሱ ያቆመበት ነው» አለች፤ አሁን ዝግ ብላ። «እዚያ ላይ ያለው የመጨረሻ ነገር የሱ ጣት ነው። ብትወስዱት ልጅ ይነካዋል፣ ሰው ይነካዋል። አንቺ እንኳ አሁን ልትነኪው ነበር።» ሁላችንንም አየችን። ተነሥታ ኮመዲኖው ጋ ሄደች። እኔ ልታቅፈው መስሎኝ ነበር። ማንም ሰው ይነካዋልና እኔው ልንካው ብላ ይሆናል፤ ጣቷን ማጫወቻው ላይ አድርጋ ተጫነችው።

የቴፑ ሞተር አቃሰተ። ድምፁ ከወፍራም ጀምሮ ቀስ እያለ ቀጠነ። ከዘፈን መሐል ነበር፤ የተቋረጠ ስንኝ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ከዚያ ዘፋኟ ግጥሙ ጠፋባትና ሳቀች።

ያቺ ሳቅ! ልትመጣ ስትል አቁሞት ኖሯል። እየጠሩት ይሆናል፣ ታክሲው መጥቶ ይሆናል፤ ስመለስ እስቅበታለሁ ብሎ ይሆናል። ማሲንቆ መቺው ያለውን አለ፤ ሴትዮዋ አሁንም ሳቀች። ባልቴቷ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

«እዚች ጋ ነው» አለችኝ። «እታለም፣ እዚች ጋ እኮ ነው።»

አሁን ሴቶቹ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ሐዘንተኛ ስትስቅ አዩ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋሉ? እትዬ የኔን ቴፕ እንደታቀፉ ቆመው ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚስቀው በዚች ነበር?» አሉ።

«በዚች ነበር።»

«እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር እኮ። ሰውየው አበደ እንዴ እል ነበር።» ቴፔን ወለሉ ላይ መለሱትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌሎቹም ተቀመጡ። ዘፈኑ አለቀ፤ የቀሩትም ተከታትለው አለቁ። ማንም «ቀጥይ» አላለም። ካሴቱ ጫፉ ላይ ደርሶ በራሱ ጊዜ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከታች የሽሮ ቃጠሎ ሸተተን።

እትዬ ሲወጡ በሩ ላይ «ድምፁን ቀንሱት፣ የሰው ቤት ነው» አሉ። የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

ለተዝካሩ ሁሉም መጡ። ሽንኩርት የላጠው ላጠ፣ ድስት ያነሳው አነሳ፤ ባልቴቷ በመሐላቸው ተቀመጠች። ካሴቱን አሁን ራሷ ታጠነጥነዋለች። አንዳንድ ቅዳሜ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች፤ አንዳንድ ቅዳሜ ቀጥታ ወደ ሳቋ ትሄዳለች፤ እኔም ምንም አልላትም። ለሷ ብቻ ነው ግን፤ ሌላው ሰው ከመጀመሪያው ይስማ።

ነገሩ በሰላም አለቀ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ደረጃው ላይ የሚወራው አሁንም «ምሁሯ ሐዘንተኛ አሳስታ» ነው። ያን ቀን ማን እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰ የሚያነሳ የለም። አልበሙን «ያ የለቅሶ ካሴት» ይሉታል፤ ሠርጉንና ሳቁን እንዳልሰሙ። ጭራሽ ከጥቂት ጊዜ በፊት እትዬ ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቤቴ መጡ።

«ያቺን የምታለቅሰዋን ጫኚልኝ። ለስፒከሬ ነው።»

«አልበሙን ልጫንልዎ?»

«አይ፣ እሷን ብቻ። ሌላውን ምን ያደርግልኛል? ሠርጉ ከመጣማ እዘለዋለሁ።»

«እዘለዋለሁ» አሉኝ! ከዘፋኟ ጋር እየተነፈሱ ያነቡት ሴትዮ! ከመምህራኑ፣ ደረጃ ላይ ከሚጠይቁኝ በምን ተሻሉ? ፍላሹን ተቀበልኩ። ካሴቱን ኮምፒውተር ላይ ገጽ በገጽ ገልብጬዋለሁ፤ ዘፈኖቹን ግን አልነጣጠልኳቸውም። አንዱ ገጽ አንድ ወጥ ነገር ነው፤ የሚዘለል ቁጥር የለውም። እንደዚያው አድርጌ ጫንኩላቸው። እንጉርጉሮውን የፈለገ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማም ሠርጉ ይደርስበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከጣሪያው በኩል የእትዬ ስፒከር ተከፈተ። መጽሐፌን አጥፌ ቀና አልኩ። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ በተራቸው መጡ። ከዚያ ሴትዮዋ ብቻዋን ቀረች። ስፒከሩ እስከ መጨረሻው ተለቅቆ ነበር፤ የጓዳዬ ብርጭቆ ነዘረ፤ አንድም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ አልሮጠም። ከዚያ ከበሮው ገባ። ጠበቅኩ። አላጠፉትም።

ድምፁን ግን ቀነሱት። የሠርጉን ብቻ።